ከአሰብ ጨው ወደ አፍዴራ ጨው፦ የእንቅርት የጉዳይ ጥናት

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብና የምጽዋ መንገድ ተዘጋ። ስለ ወደቡ ያልተባለ ነገር የለም። አብሮ ስለተዘጋው የጨው መንገድ ግን ብዙም አልተወራም፤ ጨው ከገበያ አልጠፋማ! ብዙ ሳይቆይ የአፍዴራ ጨው ቦታውን ያዘ። ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ እንደ ልብ ይገኛል። የጎደለው ነገር በዓይንም በምላስም የሚለይ አልነበረም። ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣው ጨው እዚያው ማምረቻው ላይ አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ በአፍዴራ ጨው ላይ ግን የጨመረበት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሰው አንገት ላይ የታየውን፣ ጉድለቱን ለመሙላት የተሠራውንና ሥራው የት የት ላይ እንዳነከሰ ከዚህ በታች እናያለን።

እጢው ምን ይፈልጋል?

የታይሮይድ እጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን ከፊት ለፊት አቅፎ የተቀመጠ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው፤ ጤነኛ ሲሆን አይታይም። ሥራው ሁለት ሆርሞኖችን ማምረት ነው፦ ታይሮክሲንና ትራይአዮዶታይሮኒን። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ሞለኪውል አራት፣ ሁለተኛው ሦስት የአዮዲን አተም ይይዛል። አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ አይሠራም፤ በሌላ ማዕድን የሚተካበት መንገድም የለም።

የሚፈለገው መጠን ትንሽ ነው። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 120 ማይክሮ ግራም ይበቃል። አንድ ሰው 60 ዓመት ሙሉ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ቢወስድ ተደምሮ 3.3 ግራም ገደማ ነው። ችግሩ ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ መያዝ አለመቻሉ ነው። ትርፉ በሽንት ይወጣል፤ ስለዚህ ትንሿ ነገር ሳታቋርጥ መግባት አለባት።

አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑ ይቀንሳል። መቀነሱን ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ እጢ ያውቅና ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ይለቃል። ይህ ሆርሞን ታይሮይዱን «ሥራ፣ እደግ» እያለ የሚጎተጉት ነው። እጢው ካለችው ጥቂት አዮዲን የቻለውን ለመያዝ ሴሎቹን ያባዛል፤ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህን ነው። በልጅነት እብጠቱ ወጥና ለስላሳ ነው። ጉድለቱ ለዓመታት ከቀጠለ እጢው ውስጥ ጓጎላዎች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የፒቱታሪን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ጣጣ ታመጣለች።

አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ እንቅርት አይደለም። ንፍፊት የሊምፍ እጢ እብጠት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመንጋጋ ሥር ወይም ከአንገት ጎን ይወጣል። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ፊትና ሥር ያለው የምራቅ እጢ በቫይረስ ሲያብጥ ነው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ውኃ ማስጠጣት ነው። ታይሮይድ ከአየር ቧንቧው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰው ሲውጥ እብጠቱ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ንፍፊት ግን ካለበት አይነቃነቅም።

በጤና ጥናት ላይ ሲመዘን ሦስት ደረጃ አለው። የማይዳሰስና የማይታይ ከሆነ ዜሮ፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ አንገት ቀጥ ሲል ግን የማይታይ ከሆነ አንድ፤ አንገት ቀጥ ብሎም የሚታይ ከሆነ ሁለት። መለኪያው የተመርማሪው የራሱ አውራ ጣት ነው፦ የእጢው አንዱ ጎን ከአውራ ጣቱ ጫፍ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ይባላል። የልጅ አንገት ሲዳሰስ በመርማሪው አውራ ጣት ከተለካ ውጤቱ ይበላሻል።

ከጦርነቱ በፊትና በኋላ

እንቅርት ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የመጣ በሽታ አይደለም። የደጋው አፈር ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብ አዮዲኑ አብሮ ሄዷል፤ በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ጤፍም ገብስም፣ ሣሩን የበላች ላምም ከየትም አያመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ባደረገው ሰፊ ጥናት ከተማሪዎች 30.6 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። በደቡብ ካሳቫ አብዝቶ በሚበላባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት ይታከላል፦ በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ውስጥ ያለው ሳያናይድ በሰውነት ውስጥ ወደ ታዮሳያኔት ይለወጥና አዮዲን ወደ እጢው እንዳይገባ ይሻማል።

ይህን ለማረም ነበር በባሕር ዳርቻው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የተጀመረው። ማምረቻው በጥቂት ቦታ የተሰበሰበ ስለነበር ለመቆጣጠር ይመች ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑ ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት ተገኘባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በተማሪዎች ላይ 5 በመቶ ሲደርስ «የኅብረተሰብ ጤና ችግር»፣ 30 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ «ከባድ» ይለዋል። የሽንት አዮዲን መካከለኛ ልክ በሊትር 24.5 ማይክሮ ግራም ነበር፤ በቂ የሚባለው ከ100 ጀምሮ ነው። አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ4.2 በመቶ ቤቶች ብቻ ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች እንቅርቱ 35.8 በመቶ ደረሰ፤ ከዚህ ውስጥ 11.5ቱ አንገት ላይ ቆሞ የሚታይ ነበር። እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ፅንስ የማጣት ዕድላቸውም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ መንስኤውን አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 30.6ንና 39.9ን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በዘጠኝ ነጥብ ጨመረ» ማለት አያስኬድም፤ በመካከሉ የምደባ ደረጃው ተለውጧል፣ ናሙናውም የተወሰደው በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። የሚያስኬደው የልጆቹን ዕድሜ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው የተረገዘው ጦርነቱ በተነሳበት ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ጨርሶ አልቀመሰም ማለት ይቻላል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ጦርነቱ ሲነሳ አምስት ዓመቱ ነበር። የተለካው የልጆች አንገት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በዚያ ክፍተት ውስጥ ያደገ ነው።

እንቅርቱ ደግሞ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱን ሆርሞን ስለማያመርት የእናቱን ታይሮክሲን ነው የሚጠቀመው፤ አንጎል የሚገነባውም በዚያን ጊዜ ነው። ጉድለቱ ሲብስ ልጁ መስማትና መናገር የተሳነው፣ ቁመቱና አእምሮው የቀነጨረ ሆኖ ይወለዳል፤ ክሬቲኒዝም ይባላል። ይህ ሳይደርስ እንኳ ከባድ እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ያደጉ ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤት፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ግምገማ እንዳሳየው፣ በአማካይ በ13.5 ነጥብ ያንሳል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና የለውም።

አፍዴራ ላይ

አፍዴራ በአፋር ክልል ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሥፍራ ነው። የሐይቁ ጨዋማ ውኃ በፓምፕ ተስቦ ጥልቀት በሌላቸው ገንዳዎች ይተኛል፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተነው ጨው ይቀራል፤ በአካፋ ተሰብስቦ ይከመራል። የገንዳዎቹ ባለቤቶች በርካታ አነስተኛ አምራቾች ናቸው። እንደ አሰብ ሁለት ሦስት ማሽን ተክሎ የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003ን አወጣ፤ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ለሰው ምግብ እንዳይውል ከለከለ። ማነቃቂያ ያስፈልገው ለነበረው ሥራ ደንቡ ጉልበት ሆነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 89 በመቶ ደረሱ። በአምስት ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ብርቅ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን 89 በመቶ የሚናገረው «ጨው ውስጥ አዮዲን አለ» ብቻ ነው። ስንት እንዳለ አይናገርም። ቤት ሲደርስ ቢያንስ 15 ፒ.ፒ.ኤም.፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ጨው 15 ሚሊ ግራም አዮዲን መኖር አለበት። ይህን የሚያሟላው ጨው ከ89 በመቶው እጅግ ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። ምክንያቱን ለማየት አረጫጨቱን ቀርቦ ማየት ይጠይቃል።

የሚረጨው ፖታሺየም አዮዴት ነው፤ ከክብደቱ 59.3 በመቶ አዮዲን ነው። አንድ ኩንታል ጨው 40 ፒ.ፒ.ኤም. አዮዲን እንዲኖረው 6.75 ግራም ፖታሺየም አዮዴት ይፈልጋል። በ3 በመቶ ከተበጠበጠ 225 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መሆኑ ነው፤ ሁለት ሲኒ ተኩል ቢሆን ነው። ለአንድ ኩንታል! አነስተኛ አምራቾች ይጠቀሙበት የነበረው ገበሬ ለፀረ ተባይ የሚያዝለው ዓይነት መርጫ ነው። 16 ሊትር የሚይዝ መርጫ በ3 በመቶ ፈሳሽ ቢሞላ 480 ግራም ፖታሺየም አዮዴት ይዞ 71 ኩንታል ጨው ያዳርሳል። አሁን 71 ኩንታል ጨው ተራራ ሆኖ ተከምሮ፣ አንድ ሰው በዚያ ሙቀት ዙሪያውን እየዞረ ላዩን ሲረጭ አስቡት። የላይኛው ጨው ይርሳል፤ እምብርቱ ጠብታ አይደርሰውም። በአካፋ ቢገለበጥም እኩል አይደባለቅም። ከአንድ ክምር የወጡ ሁለት ከረጢቶች አንዱ 80፣ ሌላው 5 ሊሆን ይችላል፤ በአማካይ ሲታይ ግን ሥራው የተሳካ ይመስላል። ትክክለኛው አሠራር ጨውን አድቅቆ በቀጭኑ በሚሄድ ማጓጓዣ ላይ እየረጩ በሚሽከረከር ብረት ማደባለቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ኤሌክትሪክ፣ ማሽንና መለዋወጫ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት የሒሳብ ነው። «40 ፒ.ፒ.ኤም.» የተባለው አዮዲኑ ነው ወይስ ፖታሺየም አዮዴቱ? 40 ፒ.ፒ.ኤም. ፖታሺየም አዮዴት 23.7 ፒ.ፒ.ኤም. አዮዲን ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በማምረቻ መዝገብ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ጉድለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይከመራል።

ሦስተኛው ከረጢቱ ነው። በደንብ ያልታጠበ ጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ ስለሚቀርበት እርጥበት ይስባል። ውስጡ ፕላስቲክ በሌለው ማዳበሪያ ሲጫን እርጥበቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ አዮዴቱም አብሮት። በመኪና ተጭኖ፣ በመጋዘን ከርሞ፣ ጉሊት ላይ ተዘርግቶ ቤት እስኪደርስ ብዙው ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ማምረቻው ላይ ከሚፈለገው በላይ የሚጨመረው።

ኬሚካሉ ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ዓለም አዮዲንን በዋናነት የሚያገኘው ከቺሊና ከጃፓን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ዩኒሴፍ ያሉ ድርጅቶች አግዘዋል፤ እርዳታ ሲቀንስና የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ ግን መርጫው ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ ይመጣል። ለአምራቹ ደግሞ አዮዲን ያለውና የሌለው ጨው ገበያ ላይ ዋጋው አንድ ከሆነ ለኬሚካሉ የሚያወጣው ገንዘብ ኪሳራ ነው። እኛ እንደምናየው ከማሽኑ ይልቅ ይህ ነው ከባዱ ቋጠሮ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር አሞሌ አለ። ከአሳሌ ሐይቅ እየተፈለጠ በግመል የሚወጣው ጨው ድንጋይ ስለሆነ አይረጭም። ለከብት ይሁን፤ ለወጥ ግን ከአዮዲን አንጻር አይረባም። በነገራችን ላይ «የባሕር ጨው» ወይም ሮዝ ጨው ተብሎ በውድ የሚሸጠውም፣ አዮዲን ተጨምሮበታል ካልተባለ በስተቀር፣ ከአሞሌው አይሻልም።

ቤት ውስጥና ጤና ጣቢያ

ጥሬ ጨው ገዝቶ አጥቦ፣ አድርቆ የሚፈጭ ቤት አለ። አዮዴቱ ያለው የጨው ቅንጣት ላይ ስለሆነ ውኃው ጠርጎት ይሄዳል። ጨው መታጠብ የለበትም፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ጢስና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር ብክነቱን ይቀንሳል። ጨው ማብዛት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ደም ግፊት ያመጣል። 30 ፒ.ፒ.ኤም. አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራሙ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ የአዋቂን 150 ማይክሮ ግራም ይሞላል።

በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው ስታርች ከአዮዲን ጋር ሲገናኝ ነው። «አለ» ወይም «የለም» ለማለት ይበቃል። የቀለሙን ድምቀት አይቶ «ይህ 30 ነው፣ ይህ 15 ነው» ማለት ግን ግምት ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ጠብታም ያታልላል። ትክክለኛው ልክ በላቦራቶሪ የሚገኘው በሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፦ 10 ግራም ጨው ተሟሙቶ በ0.005 ኖርማል (ኖርማል የፈሳሽ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ፈሳሽ ሲለካ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10.58 ፒ.ፒ.ኤም. አዮዲን ያመለክታል። ናሙናው ከከረጢቱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች መወሰድ አለበት።

እንቅርት ለወጣበት ሰው አዮዲን ያለው ጨው ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም። የልጅ ለስላሳ እንቅርት በወራትና በዓመታት ሊቀንስ ይችላል፤ ጓጎላ ያወጣ የቆየ እንቅርት ግን አይሟሟም። መጀመሪያ የሚታዘዘው የቲ.ኤስ.ኤች. የደም ምርመራ ነው። ከፍ ካለ ሆርሞን ማነሱን ያሳያል፤ ድካም፣ ብርድ መጥላት፣ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅ አብረው ይታያሉ። መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው፤ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡናውን ከክኒኑ ጋር የምትጠጣ ታካሚ መጠኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሊበላሽባት ይችላል። የብረትና የካልሲየም ክኒን ቢያንስ አራት ሰዓት ይራራቀው። ቲ.ኤስ.ኤች. ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ ቀደም ብሎ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀደም ሲል ያልናቸው ትእዛዝ የማይሰሙ ጓጎላዎች ጣጣ የሚያመጡት እዚህ ነው። ለዓመታት አዮዲን ሲጠሙ የኖሩ ጓጎላዎች አዮዲን በድንገት ሲበዛላቸው ያለ ልክ ሆርሞን ያመርታሉ። በዚምባብዌ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨው ላይ አዮዲን ሲጨመር የሃይፐርታይሮይዲዝም (የታይሮይድ ሆርሞን ከልክ በላይ መብዛት) ታካሚ ጨምሮ ነበር። በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ የቆየ እንቅርት ያላቸው ሰዎች ልባቸው ቢመታባቸው፣ ቢከሱ፣ ቢያልባቸው፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ «ጨጓራ ነው፣ ጭንቀት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ታይሮይድን ለማብረድ በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ፒ.ቲ.ዩ. ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል ምርመራ ያድርግ፤ አልፎ አልፎ ሴሎቹን ጨርሶ ያጠፋልና። ይህ ሁሉ ጨው ላይ አዮዲን መጨመርን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። መጠኑን እኩል ለማድረግ ግን ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ አንዱ ከረጢት 5 ሌላው 80 ሲሆን ሁለቱም ዓይነት ታካሚ ከአንድ መንደር ይመጣሉ።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው እንቅርቱ የአየር ቧንቧን ወይም ጉሮሮን ሲጫን፣ ካንሰር ሲጠረጠር ወይም ሆርሞኑ በመድኃኒት አልገታ ሲል ነው። ሁለት ነገሮች ይፈራሉ፦ ከእጢው ጀርባ የሚያልፈው የድምፅ ነርቭ ከተነካ ድምፅ ይጎረናል፤ ከታይሮይዱ ጀርባ የተጣበቁት አራት ጥቃቅን የፓራታይሮይድ እጢዎች አብረው ከወጡ ካልሲየም ይወርዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ከንፈርና ጣት ከደነዘዘ ወይም እጅ ከተኮማተረ ወዲያው ካልሲየም መለካት ነው። እንቅርትን በንቅሳት ወይም በመተኮስ ማጥፋት በአንዳንድ ቦታ ዛሬም ይሞከራል፤ መርፌው ለጉበት ቫይረስና ለኤች.አይ.ቪ. በር ይከፍታል እንጂ እጢው አይነካም።

የዚህን ጉዳይ ለውጥ በእንቅርት ቆጠራ ብቻ መከታተል አይቻልም፤ ጨው ቢስተካከልም የአዋቂ እንቅርት ለዓመታት ስለሚቆይ ቁጥሩ የትናንቱን ነው የሚናገረው። የዛሬውን የሚናገሩት የነፍሰ ጡር ሽንትና የአራስ ልጅ ደም ናቸው። ነፍሰ ጡሮች ላይ የሽንት አዮዲን መካከለኛ ልክ በሊትር ከ150 እስከ 249 ማይክሮ ግራም መሆን አለበት፤ ለተማሪዎች የተቀመጠው 100 ለእነሱ አይበቃም። ከአራስ ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም ቲ.ኤስ.ኤች. ከ5 ሚሊ ዩኒት በሊትር በላይ የሆነባቸው ልጆች ከ3 በመቶ ካነሱ አካባቢው በቂ አዮዲን አለው ይባላል። ይህ ምርመራ በየወሊድ ክፍሉ መደበኛ አገልግሎት ስላልሆነ፣ ከአፍዴራ በወጣ ጨው ላይ የሚደረገው ልኬትና የነፍሰ ጡሮቹ ሽንት ጎን ለጎን ካልተያዙ፣ ክምሩ ላይ የጎደለው ነገር የሚታወቀው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው።